የነካ ይጠየቃል

አርብ አርብ ሶልያና ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ስትወጣ በአዳማ ባቡር ጣቢያ በኩል ዞራ ለልጇ ለአርሴማ ቺፕስ ትገዛ ነበር። ቺፕሱ ለብ ያለ ነው። ለልጆች የሚሸጥ ነገር ሁሉ ለብ ያለ ነው። ጣቢያው ውስጥ ከነበሩት ምግብ ቤቶች መካከል ትኩስ ነገር መሸጥ ያላቆመው ቶሎ ቤት ብቻ ነበር። ሌሎቹ ከክስ ብዛት ተዘግተዋል፤ ያልተዘጉትም ምድጃቸውን ነቅለው ቀዝቃዛ ነገር ወደ መሸጥ ዞረዋል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች የቶሎ ቤትን ማስታወቂያ ባዩ ቁጥር «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ብለው ይስቃሉ፤ ወጣቶቹ ሰንበሌጥ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ አብረዋቸው አይስቁም።

ትኩስ የሚፈልግ ሰው በተከለለ ሰልፍ ለብቻው ይቆማል። ተራው ሲደርስ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው ቀና አድርጎ «ትኩስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ኃላፊነቱ የኔ ነው» ይላል። ድምፁ ይቀዳና ይቀመጣል። ልጆች ይህን ዓረፍተ ነገር ፊደል ሳይቆጥሩ ይለምዱታል። አዋቂዎች ሲሉት ቃላቱ ተጣብቀው አንድ ቃል ሆነዋል፤ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» እንደሚባለው ከአፍ ይወጣል እንጂ ማንም አያስበውም።

የዚያን ዕለት ከሶልያና ጎን፣ በትኩሱ ሰልፍ፣ ኮታቸውን በጥንቃቄ የተኮሱ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ስማቸው ሮቤል መሆኑን ያወቀችው በኋላ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ነድተዋል፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ዓረፍተ ነገሩን እንደ ሌላው ሰው አልዋጡትም። እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ፣ ቀስ ብለው አሉት። የመስኮቱ ብረት ክንድ የሾርባውን ኩባያ ወደ ፊት ገፋ።

ሶልያና ክዳኑን አየች። በአንድ በኩል አልገጠመም። የሰውየው እጅ ኩባያውን ሲይዝ ክዳኑ ተነሣ፣ ሾርባውም ሙሉ በሙሉ ጭናቸው ላይ ፈሰሰ።

የጮኹት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በዙሪያቸው የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ሁለት እጁንም ከትከሻው በላይ አንሥቶ መዳፉን ወደ ጣሪያው ካሜራ ዘረጋ። እጅ ማሳየት ይሉታል። አንድ ሰው ሲወድቅ፣ ብርጭቆ ሲሰበር፣ ልጅ ሲያለቅስ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው። ባዶ እጅ፣ ንጹሕ እጅ፣ ያልነካ እጅ። ሶልያናም እጇን አነሣች። ስታነሣ አልታወቃትም፤ እጇ በራሱ ነው የተነሣው።

ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሱሪያቸው እንፋሎት ይወጣል። ዓይናቸው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲዞር ቆየና እሷ ላይ ዐረፈ።

«ልጄ» አሏት። «ውሃ!»

አባቷ ከሞቱ ወዲህ ልጄ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም። በኋላ በችሎት «ለምን ነኩ?» ተብላ ብትጠየቅ ይህን ልትናገር አስባ ነበር፤ ግን ምክንያት ስላልመሰላት ተወችው። እጇን አወረደች፤ ከቦርሳዋ ኮዳዋን አወጣች፤ አጠገባቸው ተንበርክካ ውሃውን ጭናቸው ላይ አፈሰሰች። ከዚያ ጨርቁ ቆዳቸው ላይ እንዳይጣበቅ በሁለት ጣቶቿ ይዛ ከፍ አደረገችው።

«ሴትዮ፣ አትንኪ!» አለ ከላይ አንድ ድምፅ። የድምፁን ባለቤት አላየችም። ያየችው ጫማዎች ወደ ኋላ እየራቁ ሲሄዱ ነው።

ጣሪያው ላይ ያለው የጉዳት ምልክት መብራት ቢጫ ሆነ። የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ሲደርሱ ሽማግሌውን ከመንካታቸው በፊት እንደ ደንቡ ጠየቁ።

«የማን ነው?»

ሠራተኛው ዙሪያውን አየ።

«ማን ነካቸው?»

በክበብ የቆመው ሰው ሁሉ መዳፉ ወደ ላይ ነበር። ውሃ የሚንጠባጠብበት የሶልያና እጅ ብቻ ነው። አንደኛው ሠራተኛ እጇን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አነሣው። ሥራውን የሚያውቅ፣ ቁጣ የሌለበት ሰው ነበር። «እናመሰግናለን» አላት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ ጓንቱን አጠለቀ።

ቤት ስትደርስ ባሏ አቤኔዘር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰው መንካቷን የሚገልጽ መልእክት ቀድሟት በስልኩ ገብቷል። አቤኔዘር መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው አይደለም።

«ነካሽው?» አላት።

«ውሃ ነው ያፈሰስኩለት።»

«ነክተሽዋል ማለት ነው።»

አርሴማ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ሥዕል ትቀባለች። ሶልያና ልትስማት ስትጎነበስ አቤኔዘር ክንዷን ያዘ። ወዲያው ራሱ ደንግጦ ለቀቃት፤ «ይቅርታ፣ ምን እንደሆንኩ አላውቅም» አለ።

ሕጉን ሁለቱም ያውቁታል። ባለቤት የሌለው ጉዳት የለም። እያንዳንዱ ቁስል የአንድ ሰው ነው፤ የማን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ የነካ ይጠየቃል። የጉዳቱ ባለቤት ነሽ የተባለች እናት ከትንሽ ልጅ ጋር ለብቻዋ አትቀመጥም። እነሱ ካሉበት ፎቅ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የምትኖር ሴት ነበረች፤ ባሏ ካውያ ላይ እጁን ጥሎ ሲቃጠል ካውያውን የሰካችው እሷ ስለነበረች ተፈረደባት። አሁን ወንዶች ልጆቿን እሑድ እሑድ በመስታወት በኩል ታያቸዋለች። ከመስታወቱ ስትመለስ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ሶልያና ብዙ ጊዜ አልፋት ወጥታለች፤ ሰላም ከማለት በቀር ቆማ አታውቅም።

ፋብሪካ ውስጥ ለውጡ ወዲያው ታየ። ድሮም ቢሆን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል ቀርቷል፤ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ይርቃል፣ ሌላው መጥቶ ያነሣል። አሁን ግን እሷ ያስቀመጠችውን መቀስ የሚያነሣ ጠፋ። አብራት የምትሠራው ልጅ መቀሱን በጨርቅ ጠርጋ ነው የወሰደችው። «ሶሊዬ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለቻት፣ ፊቷን ሳታይ። «እኔም ልጆች አሉኝ።»

ከጥቂት ቀን በኋላ የቶሎ ቤት ጉዳይ አስፈጻሚ ቤታቸው መጣች። ማክዳ ትባላለች። ወጣት፣ ትሑት፣ ሽቶዋ ቀስ ብሎ የሚሸት። የበሩን እጀታ አልነካችም፤ እስኪከፈትላት ጠበቀች። ተቀመጪ ስትባልም በቆመችበት ይሻለኛል አለች።

«ድርጅታችን እርስዎን መጉዳት አይፈልግም» አለች። «እንዲያውም እናዝናለን። ደግ ነገር ለማድረግ ነው የሞከሩት።»

«ታዲያ?» አለ አቤኔዘር።

«አቶ ሮቤል ዕድሜያቸው ገፍቷል። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አይደል ወይዘሮ ሶልያና?»

«አላስተዋልኩም።»

«ያስታውሱ እንጂ። ኩባያውን ሲይዙ።» ማክዳ ፈገግ አለች። «እጃቸው ይንቀጠቀጥ ከነበረ ጉዳቱ የራሳቸው ነው። እርስዎን የሚመለከት ነገር አይኖርም። እሳቸውም ቢሆኑ፣ ራሱን ለጎዳ ሰው እንደሚደረገው፣ ጥሩ ማረፊያ ቤት ይገባሉ፤ የሚንከባከባቸው ሰው ያገኛሉ። ማንም አይጎዳም።»

እሷ ከሄደች በኋላ አቤኔዘር በሩን ዘጋ። ከዚያ ሚስቱ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

«ይንቀጠቀጥ ነበር በያቸው። ሽማግሌ አይደል? የየትኛው ሽማግሌ እጅ ነው የማይንቀጠቀጠው?»

«አልተንቀጠቀጠም። ክዳኑ አልገጠመም ነበር፤ አይቻለሁ።»

«አላየሽም።»

«አቤኔ፣ አይቻለሁ እኮ ነው የምልህ።»

«ክዳኑን አየሁ ካልሽ ከድርጅቱ ጋር ልትሟገቺ ነው። የሰውየው ድምፅ በእጃቸው ነው፤ ኃላፊነቱ የኔ ነው ብሏል። ታዲያ ማን ይቀራል? የነካሽው አንቺ ትቀሪያለሽ።» ድምፁ ተሰበረ። «ልጅ አለሽ፣ ሶሊ። እለምንሻለሁ።»

ሶልያና አርሴማ የተኛችበትን ክፍል አየች። ስለ መስታወቱ አሰበች፤ ልጇ በመስታወት ማዶ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ፣ ድምፅዋ ግን ሳይሰማ። በማግስቱ ለማክዳ ደውላ «እላለሁ» አለቻት።

በችሎቱ ቀን ኮሪደሩ ላይ አቶ ሮቤል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የተጠቀለለ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተዋል። ሶልያና አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል ጠሯት።

«አንቺ ነሽ አይደል? ውሃ ያፈሰሽልኝ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ? ያ ውሃ ባይኖር እግርህን አታተርፈውም ነበር አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ልልሽ ፈልጌ ላገኝሽ አልቻልኩም፤ እንዳታገኛት አሉኝ።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያቺ የድርጅቱ ልጅ እኔም ጋ መጥታ ነበር። እሷ ናት የገፋችኝ በል፣ ቤትህ ትቀመጣለህ አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«አስብበታለሁ አልኳት።» ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። «አልዋሽሽም፣ አስቤበታለሁ። ያን ማረፊያ ቤት አውቀዋለሁ። ወንድሜ እዚያ ነው የሞተው። በሩ የሚከፈተው ከውጭ ነው። ልጠይቀው ስሄድ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ሮቤል፣ እባክህ የሚያቃጥል ሻይ አምጣልኝ አለኝ። ያኔ ሳቅሁበት።»

«ጋሼ፣ እኔ...» ብላ ጀመረች። በሩ ተከፈተና ስማቸው ተጠራ። ቀድመው የተጠሩት እሳቸው ነበሩ።

አዳራሹ ትንሽ ነበር፤ ወንበሮቹ ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው። ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው የተለመደውን ጥያቄ አቀረቡ።

«አቶ ሮቤል፣ ጉዳቱ የማን ነው?»

«ክብርት ዳኛ፣ ክዳኑ አልተገጠመም ነበር።»

የተቀዳው ድምፅ ተከፈተ። አዳራሹ ውስጥ የአቶ ሮቤል ድምፅ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ ትኩስ መሆኑን እንደሚያውቁና ኃላፊነቱ የሳቸው እንደሆነ ተናገረ።

«ይህ የእርስዎ ድምፅ ነው?»

«የኔ ነው። ሾርባው ትኩስ እንደሆነ ዐውቄ ነበር። ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ስለ ክዳኑ የጠየቀኝ የለም።»

«ስለ ክዳኑ የሚል ነገር በጥያቄው ውስጥ የለም» አሉ ዳኛዋ። «ይህች ሴት ነክታዎታለች። ገፍታዎታለች?»

አቤኔዘር ከኋላ ተቀምጧል፤ ትንፋሹን መያዙን ዞራ ሳታይ ዐወቀች። ሽማግሌው ወደ ማክዳ አዩ፣ ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ የተጠቀለለ እግራቸውን አዩ።

«አልገፋችኝም» አሉ። «ውሃ ነው ያፈሰሰችልኝ። ሌላ ምንም አላደረገችም።»

«እንግዲያው ጉዳቱ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ካላችሁት የኔ ይሁን።»

ሶልያና ተጠራች። ወደ ፊት ሄደች።

«የአቶ ሮቤል እጅ ሲንቀጠቀጥ አይተዋል?»

ማክዳ በትሕትና ትመለከታታለች። ሶልያና ለማለት የተስማማችው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ቆመ።

«አላየሁም» አለች።

ማክዳ ዓይኗን አጠበበች። ዳኛዋ ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ፤ ከዚያ ቀና ብለው ሶልያና ያልጠበቀችውን ጠየቋት።

«ክዳኑ ክፍት እንደነበርስ አይተዋል?»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ። ልመና አልነበረም ፊታቸው ላይ። ዝም ብለው ያዩአት ነበር።

«አላየሁም» አለች ሶልያና።

ውሳኔው ወዲያው ተነበበ። ጉዳቱ የአቶ ሮቤል ሆነ። ጓንት ያጠለቁ ሁለት ሰዎች በጎን በር ወሰዷቸው። ሽማግሌው በአጠገቧ ሲያልፉ «ደህና ሁኚ፣ ልጄ» አሏት። ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር።

ያን ቀን አቤኔዘር ኬክ ገዛ። አርሴማ ክሬሙን አፍንጫዋ ላይ ለቀለቀች፤ ሁለቱም ሳቁ። ፋብሪካ ውስጥ መቀሷን እንደገና ያነሱላት ጀመር። ሶልያና ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ትተኛለች። ሲደወል ግን ትደነግጣለች፤ ስሟ ሲጠራ ትደነግጣለች። ምን እንደምትፈራ ለአቤኔዘር ልትነግረው ብትሞክር ቃል አጣች። ነጻ ወጥታለች። ከነጻ ሰው ምን ይወሰዳል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ስታጥብ ወለሉ ላይ በፈሰሰው ሳሙና አዳለጣት። ስትወድቅ ግንባሯ የመታጠቢያውን ጠርዝ መታው። ለጥቂት ጊዜ ጨለመባት። ዓይኗን ስትከፍት ደም በቅንድቧ በኩል ይወርዳል፤ አርሴማ በሩ ላይ ቆማለች።

«አርሴማዬ» አለቻት፣ እጇን ዘርግታ። «ነይ ያዢኝ።»

ልጅቷ ወደ ኋላ ሸሸች። ጀርባዋ ግድግዳው ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ሸሸች። ሁለት ትናንሽ እጆቿን ከራሷ በላይ አንሥታ፣ መዳፎቿን ወደ ጣሪያው ዘርግታ፣ እንባዋ እየወረደ ጮኸች።

«የኔ አይደለም! እማ፣ የኔ አይደለም! አልነካሁሽም!»

ቤታቸው ውስጥ ካሜራ አልነበረም።

ሶልያና ከወደቀችበት ሆና ልጇን አየቻት። ትምህርት ቤት ያስተምሯቸዋል፤ በየሳምንቱ ይለማመዱታል፤ ፈጥኖ ላነሣ ኮከብ ይሰጣሉ። ይህን ታውቃለች። አርሴማ ኮከብ ይዛ የመጣች ዕለት አቅፋ ስማታለች። አሁን ግን በችሎት ፊት ያልተሰማት ዓይነት ፍርሃት ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። ደሙ የቱንም ያህል ቢፈስ ልጅቷ እጇን አታወርድም። እናቷ ሞታ እስክትቀዘቅዝ ድረስ እዚያው ግድግዳ ላይ ተለጥፋ፣ እያለቀሰች፣ እጇን ታሳያለች።

መታጠቢያውን ተደግፋ ራሷ ተነሣች። ቁስሏን በፎጣ ያዘች። «ያንቺ አይደለም» አለቻት ለልጇ። «እጅሽን አውርጂ የኔ እናት። ያንቺ አይደለም።» አርሴማ እጇን ለማውረድ ብዙ ጊዜ ፈጀባት።

በኃላፊነት ሕጉ ውስጥ ማንም የማይጠቀምበት አንድ አንቀጽ ነበር፤ የዋስ አንቀጽ። ማረፊያ ቤት የገባን ሰው ሌላ ሰው ዋስ ከሆነው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰው ላይ የሚደርስ ማንኛውም ነገር የዋሱ ነው። ሶልያና ይህን ለአቤኔዘር ስትነግረው መጀመሪያ የምትቀልድ መሰለው።

«ነገ ቢወድቅስ?» አላት። «ቢቃጠልስ? ደረጃ ላይ ቢያዳልጠው ያንቺ ነው እኮ!»

«ዐውቃለሁ።»

«አርሴማን ይወስዱብናል።»

«ሊወስዷት ይችላሉ። አቤኔ፣ እኔ መሬት ላይ ወድቄ ደሜ ሲፈስ አጠገቤ ነበረች። አልነካችኝም። ሰባት ዓመቷ ነው። ቀድመው ወስደዋታል እኮ።»

አቤኔዘር በግንባሯ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር አየ። ሊነካው እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። አትሂጂ አላላትም፤ አብሬሽ ልሂድም አላለም።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ የነበረው ወጣት ጸሐፊ አንቀጹን ሰምቶት አያውቅም። አለቃውን ጠይቆ ተመለሰ።

«ከዛሬ ጀምሮ በሳቸው ላይ የሚደርሰው ሁሉ የእርስዎ ይሆናል። እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም» አለች ሶልያና።

ጸሐፊው ግራ ተጋባ። «ማሽኑ አዎ ካልተባለ አይቀበልም» አላት በዝቅታ።

«እንግዲያው አዎ።»

ማረፊያ ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ነፋስ በሚበዛበት ሜዳ ላይ ነበር። ውስጡ ንጹሕ ነው። ጠርዝ ያለው ነገር የለም፤ ጠረጴዛው፣ አልጋው፣ ማንኪያው ሁሉ ክብ ነው። ሽማግሌዎቹ ረድፍ ሠርተው ለብ ያለ ገንፎ ይበላሉ። የሚያወራ የለም። አቶ ሮቤል ከስተው ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ሲያዩአት ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ምን ሆነሽ መጣሽ? ግንባርሽን ምን ነካሽ?»

«ልወስድዎት ነው። ዋስዎ ሆኛለሁ።»

«አብደሻል?» አሏት። «ለምን?»

ውጭ እስኪወጡ ድረስ አልመለሰችላቸውም። ከበሩ ማዶ ነፋሱ ሲመታቸው ቆመች።

«አይቼ ነበር» አለች። «ክዳኑን። አልገጠመም ነበር፤ አይቻለሁ።»

«ዐውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ኩባያው ሲመጣ ዓይንሽ ክዳኑ ላይ ነበር። አይቼሻለሁ።» በተደገፉት ክራንች አሸዋውን ጫር ጫር አደረጉ። «ፈርተሽ ነው ልጄ። እኔም ፈርቼ ነበር። እኔ ቀድሜ ስለተጠራሁ ነው እንጂ አንቺ ቀድመሽ ተጠርተሽ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር ስትይ ብሰማሽ ኖሮ፣ ምን እንደምል አላውቅም። አትጠይቂኝ፤ እኔም አልጠይቅሽም።»

ከዚያ ወዲህ ሶልያና ስልክ በጠራ ቁጥር ትደነግጣለች፤ አሁን ግን ምን እንደምትፈራ ታውቃለች። ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ እየሰፋች አቶ ሮቤል ደረጃ ሲወርዱ ይታዩዋታል። ገላቸውን ሲታጠቡ፣ መንገድ ሲሻገሩ፣ ቢላ ሲይዙ። አቤኔዘር ስማቸውን አያነሣም፤ ግን አንድ ቀን ከመድኃኒት ቤቱ የቃጠሎ ቅባት አምጥቶ ምንም ሳይል ቦርሳዋ ላይ አስቀመጠላት።

እሑድ ዕለት ቅባቱን ልታደርስ ስትሄድ አርሴማን ይዛት ሄደች። የአቶ ሮቤል ቤት አንድ ክፍል ነው። ከአልጋቸው ሥር በጆንያ የተጠቀለለ አሮጌ ቡታጋዝ ጎትተው አወጡ። ሶልያና እንዲህ ያለ ነገር ያየችው ልጅ እያለች ነበር።

«ዘይትም በርበሬም አለኝ» አሉ። «ሽሮ ልሠራላችሁ እፈልጋለሁ። የሚንተከተክ ሽሮ።» ክብሪቱን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። «ግን ዋሴ አንቺ ነሽ። አትለኩስ ካልሽኝ አልለኩስም፤ አልቀየምሽም።»

ሶልያና ልትከለክላቸው ፈለገች። እግራቸው ገና አልዳነም፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መጋረጃው ቅርብ ነው፤ ልጇ እዚህ ናት። የሚሆነው ነገር ሁሉ በዓይኗ ፊት ሄደባት፤ እሳቱ፣ ጩኸቱ፣ ቢጫው መብራት፣ መስታወቱ።

መጋረጃውን ሰብስባ ቋጠረችው። ከዚያ «ይለኩሱት» አለች።

እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ተነሣ። አርሴማ እሳት አይታ አታውቅም። ዘልላ እናቷ ጀርባ ተደበቀች፤ እጆቿም መነሣት ጀመሩ። ሶልያና ግማሽ መንገድ ላይ አንዱን እጅ ያዘችው። ትንሽ እጅ፣ ላብ ያራሰው። ይዛት ወደ እሳቱ ቀስ በቀስ ተጠጋች፤ ሙቀቱ ጣቶቻቸው ላይ እስኪሰማቸው ድረስ። እዚያ ላይ ቆመች።

«እስከዚህ ይሞቃል» አለቻት። «ከዚህ ወዲያ ያቃጥላል። ተሰማሽ?»

ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የእናቷን እጅ አየችና ቀና አለች።

«እማ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል።»

«አዎ።»

«ትፈሪያለሽ?»

«በጣም» አለቻት ሶልያና። እጇን ግን አልለቀቀችም።